ግድግዳ እንኳ ያስተጋባል

«‹አንቺ ልጅ፣ ግድግዳ እንኳ ሲጠሩት ያስተጋባል!›» አለ ኢንጂነሩ፣ ጉሮሮውን አወፍሮ የሟቹን ድምፅ እያስመሰለ። «በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የልጅቷ ስም ጠፋ። ግድግዳ ሆና ቀረች። ግድግዳ መጣች፣ ግድግዳ ሄደች ስንል ነው ዓመቱን የጨረስነው።»

ሳሎኑ ሳቀ። የሐዘን ቤት ሳቅ ነውና ዝቅ ያለ፣ በመሐረብና በመዳፍ የተሸፈነ ነበር። ኢንጂነሩና ጓደኞቹ የሟቹ የድሮ ተማሪዎች ናቸው። ከቀብሩ ወዲህ ከሥራ ሲወጡ እየመጡ የሚያመሹ፣ ከጎረቤት ወንበር የሚያመላልሱ፣ ለቤተሰቡ ልጅ የሆኑ ደህና ሰዎች። ሁሉም የፊት ወንበር ልጆች ነበሩ። ሟቹ ሒሳብ ሲያስተምሩ ፈተና በታረመ ቁጥር ክፍሉን አስነሥተው እንደ ውጤቱ መልሰው ያስቀምጡታል፤ ጎበዞቹን ሰሌዳው ሥር፣ ሰነፎቹን በሩ ጋ። ከእጃቸው የማትለየው ረጅም የእንጨት ማስመሪያ ስም ሆናባቸው ከተማው ሁሉ «ማስመሪያው» ይላቸዋል። በእሷ አንድም ልጅ መትተው አያውቁም። ቦታህ እዚያ ነው ብለው የሚጠቁሙባት ብቻ ነበረች። ዱላው ይሻለን ነበር የሚሉ ግን አልጠፉም።

የሟቹ ልጅ የስኒ ትሪ ይዛ ከወጥ ቤት ስትወጣ ነው ሳቁ የደረሰባት። እሷም እንደ አባቷ የሒሳብ መምህርት ናት። ቀልዱን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምታውቀው ሳታስበው ፈገግ አለች። ፈገግታው ከፊቷ ሳይወርድ ዐይኗ በሩ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አረፈ።

የተማሪዋ እናት፣ መጋረጃ ሰፊዋ፣ ተቀምጣለች። መቼ እንደገባች ያየ የለም። ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ብርቱካን የያዘ ፌስታል ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የኢንጂነሩን አፍ ትመለከታለች። የዚህች ሴት ጆሮ ከስም በቀር ጆሮ አይደለም። ሰው ሲያወራ ዐይኗን ከከንፈሩ ሳትነቅል ነው የምትሰማው፤ ከንፈር ላይ ያለ ነገር ደግሞ አያመልጣትም።

«እንደ ማስመሪያው ያለ ሰው ደግሞ አይፈጠርም» አለ ኢንጂነሩ፣ እጁን ወደ ግድግዳው አንሥቶ።

የሴትዮዋ ዐይን እጁን ተከትሎ ወደ ፎቶግራፉ ሄደ። ጥቁር ጥብጣብ የዞረበት፣ ክራቫት ያሰረ፣ ኮስተር ያለ ፊት። ብዙ ቆየችበት። ከዚያ ከፎቶው ወርዳ መምህርቷን አየቻት። ትሪውን፣ ጥቁር ልብሷን፣ ፈገግታዋን።

መምህርቷ ያን ፈገግታ የት እንደምትጥለው ጠፋት። አንዷ አክስት ተቀብላት ሳይሆን አይቀርም፤ ትሪው ከእጇ እንዴት እንደወጣ አታስታውስም። በሩ ጋ ስትደርስ ሴትዮዋ ተነሥታ ነበር።

«የጥያቄ እናት…» አለቻት። ‹ጥያቄ› የሴትዮዋ ልጅ ብዙ ስለሚጠይቅ ክፍሉ ያወጣለት ስም ነው።

«ያጽናሽ፣ ቲቸር» አለች ሴትዮዋ፣ በዚያ ከፍም ዝቅም በማይል ድምፅዋ። ፌስታሉን እጇ ላይ አኖረችላትና ወጣች።

«ማናት ቡና ሳትቀምስ የወጣችው?» አሉ እናቷ ከውስጠኛው ክፍል።

«የተማሪዬ እናት ናት።»

«ምነው ተቻኮለች?»

«ሥራ ትታ ነው የመጣችው» አለች መምህርቷ። እናቷን ዋሽታ ብርቱካኑን ወጥ ቤት ወስዳ አስቀመጠችው፤ እዚያው ውኃ ከፍታ ያልቆሸሸ ስኒ ስታጥብ ቆየች።

*

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በትምህርት ቤቱ ትልቁ ክፍል የምትሰበስባቸው ልጆች አሏት። ምርጫ የለም፤ የመጣ ይገባል። ከክፍሉ አንደኛ የሚወጣው ልጅ፣ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ የደገመው፣ ከሌላ አገር ተሰዶ መጥቶ እስካሁን በእናቱ ቋንቋ የሚቆጥረው፣ ካርቶን ላይ በተወጠረ ሲባጎ ቅርጾችን በጣቷ የምታነብ ዐይነ ስውር ልጅ፣ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ይቀመጣሉ። መልስ ያገኘ «ጨረስኩ» ብሎ አይጮኽም፤ ፊቱን ወደ ጎረቤቱ አዙሮ «አንተስ እንዴት አሰብከው?» ይላል። የመምህራኑ ክፍል ይህን ስብስብ «ጉራማይሌ» ብሎታል። «ዛሬ ጉራማይሌ አለሽ?» ይሏታል ሻያቸውን እየጠጡ። እሷም ትስቃለች።

አንድ ቅዳሜ ወላጆችን ጠራችና ከሒሳብ ጋር የተጣላችሁበትን ቀን ንገሩን አለች። አንድ ታክሲ ነጂ ቀደመ። «እኔ የተጣላሁት እጮኛዬ የሒሳብ አስተማሪዬን ያገባች ቀን ነው» አለና ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ከእሱ በኋላ ሁሉም አፉ ተፈታ። በመጨረሻ የጥያቄ እናት ተነሣች።

«አንድ አስተማሪ ነበረን» አለች። «ጥያቄ ይጠይቀኛል፣ አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ ግማሹ ይደርሰኛል፣ ግማሹ አይደርሰኝም። ዝም እላለሁ። ወደ ኋላ አዛወረኝ። ከኋላ ደግሞ ጭራሽ ምንም የለም። ግድግዳ ብሎ ሰደበኝ፣ ልጆቹም ግድግዳ አሉኝ። እኔም ግድግዳ ነኝ ብዬ ተቀበልኩና ትምህርቱን ትቼ ወጣሁ። ጆሮዬ እንደማይሰማ ያወቅኩት አግብቼ፣ አንዲት ነርስ ስትመረምረኝ ነው። ቁጥር እስከዛሬ እፈራለሁ። ጨርቅ ስቆርጥ እንዳልሳሳት ሁልጊዜ ክንድ ጨምሬ ነው የምቆርጠው፤ ትርፉን እጥላለሁ። ልጄ የቤት ሥራ ሲያወጣ ደግሞ ዕቃ ረሳሁ ብዬ ወደ ጓሮ እወጣለሁ።» ትንሽ አሰበችና ጨመረች። «ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ማስመሪያው ነበር የምንለው።»

መምህርቷ ያን ጊዜ ወደ ሰሌዳው ዞራ የተጠረገ ሰሌዳ ጠረገች።

አባቴ ናቸው ማለት ይቻል ነበር። ሁለት ቃል ነው። ግን ያን ቅዳሜ አላለችም፣ በሚቀጥለውም አላለችም፤ ያደረ ነገር ደግሞ እየከበደ ይሄዳል እንጂ አይቀልም። ሴትዮዋ ልጇን ልትወስድ በመጣች ቁጥር አቅፋ ትስማታለች፤ «እንደ አንቺ ያለ አስተማሪ ገጥሞኝ ቢሆን ኖሮ» ትላታለች። ምርቃቱ ለመምህርቷ እንደ እሾኽ ነበር። እቤት ገብታ አባቷ መድኃኒታቸውን መዋጣቸውን ትጠይቃለች፤ ስለዚያች ሴት ለእሳቸውም አንድ ቃል አትተነፍስም።

አባቷ ጉራማይሌውን አንድ ጊዜ አይተውታል። ሕመሙ ሳይጠናባቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው መጥተው በመስኮት ቆመው ሲመለከቱ ቆዩ።

«ገበያ ነው» አሉ ሲወጡ።

«ገበያ ነው፣ አባባ።»

መንገድ ላይ ብዙ ሄዱና ቆሙ። «ያቺ ዐይነ ስውሯ ልጅ» አሉ። «ሦስት ማዕዘኑን በጣቷ ስታገኘው አየኋት። ፊቷን አየሽው?» ከዚያ ከዘራቸውን እያዩ፣ «ስንቱን ይሆን እኔ…» ብለው ጀመሩ። ልጃቸው ምን ሊሉ እንደሆነ ገብቷታል። አንድ ጊዜ ዝም ብላ ብትጠብቃቸው ይጨርሱት ነበር። እሷ ግን፣ «ይበርድብዎታል፣ እንሂድ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ወሬው አልተነሣም።

*

በማግስቱ ኢንጂነሩ ከርዕሰ መምህሩ ጋር መጣ። የመምህርቷ ታላቅ ወንድምም አብሯቸው ተቀምጧል፤ ነገሩን አስቀድመው ተነጋግረውበታል። ቡናው ዞሮ ሲያበቃ ኢንጂነሩ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኛ ተማሪዎቻቸው አንድ ነገር አስበናል» አለ ወደ እናቷ ዞሮ። «በስማቸው አንድ ልዩ ክፍል ይከፈት። ከየትምህርት ቤቱ በፈተና የተመረጡ፣ ጥቂት፣ የነጠሩ ልጆች። እሳቸው እኛን እንዳወጡን እነሱንም እናውጣ። ወጪው በእኛ።»

«ትልቁን ክፍል ሰጥተናል» አለ ርዕሰ መምህሩ። ወደ መምህርቷ አየት አድርጎ፣ «ለጉራማይሌው ደግሞ ሌላ ቦታ አይጠፋም።»

«የሚያስተምረው ማን ነው ብትይኝ» አለ ኢንጂነሩ ፈገግ ብሎ፣ «ከአንቺ ሌላ ማን ይሆናል? የአባትሽ ወንበር ነው።»

ቤቱ በሙሉ ራሱን ነቀነቀ። ወንድሟ ዐይኑ እንባ አቅርሯል። መምህርቷ ግን በሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ወንበር ነበር የምታየው።

«እኔ አልገባም ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ክፍሉን። ፈተናውን አላልፍም ነበር።»

ኢንጂነሩ ሳቅ አለ። «አንቺ? የማስመሪያው ልጅ?»

መልስ የመጣው ካልተጠበቀ አቅጣጫ ነው። «እውነቷን ነው» አሉ እናቷ፣ ከመቀመጫቸው ሳይነቃነቁ። «ይቺ ልጅ ግማሽና ሩብ አልገባ ብሏት ሁለት ክረምት ሙሉ ወጥ ቤቴን ወርሰውብኝ ነበር። እሱ ኮቱን አውልቆ እንደ ሕፃን ዱካ ላይ ይቀመጣል፣ እሷ ታለቅሳለች፣ እኔ ድስቴ ያርራል። አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣትም። እኔን ጨው አነሰ ብሎ የሚቆጣ ሰው።»

መምህርቷ ያን ወጥ ቤት ዛሬም ታየዋለች። ስትሳሳት አባቷ ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር፤ «ደግ ስህተት ነው፣ የት እንደጠፋሽ ነገረን» ይሏታል። ሌላ ሰው ነበሩ። ማስመሪያዋ እንኳ ሳሎን ቀርታ ነው የሚመጡት። አንድ ምሽት፣ ትንሽ ከገባት በኋላ፣ ክፍል ውስጥ ለምን እንዲህ አያስተምሩም ብላ ጠይቃቸው ነበር። «ስልሳ ልጅ አለኝ» አሏት። «ስልሳ ወጥ ቤት የለኝም።» እሳቸውም በልጅነታቸው አንድ አስተማሪ ከመንጋው መሐል ለይቶ ያወጣቸው ሰው ነበሩ። ታላቅ ወንድማቸው አልተመረጡምና በቀን ሠራተኝነት ቀሩ። ከዚያ የተማሩት፣ ሁሉን መሸከም አይቻልም፣ ጥቂቱን አንሥቶ መሮጥ ነው የሚለውን ነበር። እሷም በመጨረሻ የአባቷ ክፍል ስትገባ በውጤቷ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሩ ጋ ወዳሉት ዞር ብላ አይታ አታውቅም።

«ለማንም እንዳትነግሪ ብሎኝ ነበር» አሉ እናቷ ቀጥለው። «የሚያፍር ይመስለኝ ነበር።»

«በእኔ?» አለች መምህርቷ።

«ኧረ በአንቺስ አልነበረም» አሉ እናቷ።

መምህርቷ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣጠፈች።

«ትናንት የሳቅንባት ግድግዳ እዚህ ነበረች» አለች። «እዚያ ወንበር ላይ። ልጇን የማስተምር እኔ ነኝ። ጆሮዋ አይሰማም ነበር፤ ማንም አላወቀላትም፣ እሷም ለራሷ አላወቀችም። አባባ ፊት ወንበር ላይ ቢያስቀምጧት ኖሮ ከአፋቸው ታነበው ነበር። ወደ በሩ ነው የጠቆሟት። ትናንት ደግሞ ቀልዱን ከአፍህ አነበበችው። እኔም ስስቅ አየችኝ።»

የኢንጂነሩ ስኒ ከማስቀመጫው ጋር ተጋጨ።

«እሳቸው አንድ ቀን ነው ያሏት» አለ ወለሉን እያየ። «ስም አድርገን የያዝነው እኛ ነን። እኔ ነኝ። ከበር ጀምሮ ግድግዳ እያልኩ የምከተላት እኔ ነበርኩ።»

ርዕሰ መምህሩ ሰዓቱን አየና በሌላ ቀን እንነጋገርበታለን ብሎ ተነሣ። ኢንጂነሩ ተከትሎት ወጣ፤ የግቢው በር ጋ ሲደርስ ተመልሶ፣ «ፈተናው ይቅር» አላት፣ «ክፍሉንም ልጆችሽ አይልቀቁ። ለሌሎቹ እኔ እነግራቸዋለሁ።» ፊቷን ሳያይ ነው የተናገረው።

ወንድሟ ግን ሳሎኑ መሐል ቆሞ ጠበቃት። «አፈሩ ሳይደርቅ አባባን ሰው ፊት አዋረድሽው» አላት። «ጠላት እንኳ ቀን ይመርጣል።»

በከፊል እውነቱን ነበር።

«ተዋት» አሉ እናታቸው። ከዚያ ለእሷ፣ «አንቺ ደግሞ ለእኛ ነው የተናገርሽው። ለራሷ ለተበደለችው ገና አልተናገርሽም። ተነሺ፣ ሂጂ።»

*

ከሐዘን ቤት ጥቁር ለብሶ ብቻውን የሚወጣ ሰው መንገደኛውን ሁሉ ያስደነግጣል። የምታውቃቸው ሰዎች ምን ሆንሽ እያሉ አስቆሟት፤ ደህና ነኝ እያለች አለፈቻቸው።

የመጋረጃ ሱቁ ጠባብ ነው። ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ የቀረው ቦታ ለአንድ የስፌት መኪናና ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ሴትዮዋ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ትሰፋለች። መምህርቷ ጠራቻት፤ ከዚያ የማይሰማ ሰው መጥራቷ ገባትና አፈረች። ጥቅሎቹን ገፋ አድርጋ ዞራ፣ ብርሃኑ በራሷ ፊት ላይ በሚያርፍበት በኩል ቆመች።

ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻት። መኪናውን አላቆመችም።

«አባቴ ናቸው» አለች መምህርቷ።

«አየሁ፣ ፎቶውን።»

«ያን ቅዳሜ ስትናገሪ አውቄ ነበር።»

የሴትዮዋ መዳፍ የመኪናውን ጎማ ያዘው። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደገባ ቆመ። «ይሄን አላወቅኩም ነበር» አለች። «ትናንት መንገዱን ሙሉ ‹ምናልባት እሷም አላወቀች ይሆናል› እያልኩ ነው እቤቴ የገባሁት።»

መምህርቷ ይቅርታ የሚለውን ቃል መንገድ ላይ አዘጋጅታው ነበር። አሁን ትንሽ ሆነባት።

«ለአንቺ ነው የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ። «ለማን እንደማለቅስ እንኳ ሳላውቅ። ሐዘንሽ ሐዘኔ ነው ብዬ።» ያልተሰፋውን ጨርቅ አለሰለሰችው፣ መልሳ አለሰለሰችው። «ልጄን ከክፍልሽ አላስወጣም። ይወድሻል። እኔ ግን ትንሽ ቀን እፈልጋለሁ።»

«እሺ።»

«ሌላም ነገር አለሽ። ፊትሽ ላይ አለ።»

ነበራት። እናቷ ዛሬ ሰው ፊት የተናገሩትን ነገረቻት፤ ወጥ ቤቱን፣ ዱካውን፣ የሚያርረውን ድስት። ይህን መናገር ከመጀመሪያው ይልቅ ከበዳት። የተሰወረ ሀብት የማሳየት ያህል ነበር፤ ከዚህችው ሴት ድርሻ ላይ የተወሰደ ሀብት።

«ሁለት ክረምት?» አለች ሴትዮዋ።

«ሁለት ክረምት።»

«ሳይቆጡ?»

«ሳይቆጡ።»

ሴትዮዋ ፊቷን ወደ ጥቅሎቹ አዞረች። ከንፈሯን ነክሳ ቆየች፤ ያለቀሰች አትመስልም፣ የምታስበው አንድ ነገር ያለ ትመስላለች እንጂ። ስትመለስ ድምፅዋ ያው ነበር።

«እንዴት ነበር የሚያስረዱሽ?»

መምህርቷ ዙሪያዋን ተመለከተች። ከመኪናው ሥር ከወደቀው ቁርጥራጭ አንድ ረዘም ያለ ነጭ ጨርቅ አነሣች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፣ በመዳፏ አስተካከለችው።

«ይሄ አንድ ነው» አለች። አጠፈችው። «አሁንም አንድ ነው። አልጠፋም፣ አልተቀነሰም። ተካፈለ እንጂ።» እንደገና አጠፈችው። «አሁንም…»

ቃሉ የእሷ አልነበረም። የጣቷ አያያዝ፣ እጥፉን በጥፍር ጫፍ መጫኑ፣ ከ«አሁንም» በኋላ ያለችው ትንሽ ዝምታ፣ ሁሉም የእሳቸው ነበር። ከቀብሩ ጀምሮ ሰው እያስተናገደች፣ ስኒ እያጠበች ያላለቀሰችው አሁን መጣባት። አንገቷን ደፋች። እንባዋ ጨርቁ ላይ ሲወርድ እያየች እዚያው እጥፉ ላይ መናገሯን ቀጠለች፤ ምን እንደምትል ለራሷም አይሰማትም።

አንድ ጣት አገጯ ሥር ገባ። ክር ይዞ የሻከረ ጣት ነበር፤ ቀስ አድርጎ ወደ ላይ አነሣት።

«ቀና በይ» አለች ሴትዮዋ። «አፍሽን ካላየሁ አልሰማሽም።»

መምህርቷ ቀና አለች። አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ጨርቁን ፈታችና ከመጀመሪያው ዘረጋችው።

«ይሄ አንድ ነው» አለች።